ዳማው የተሸጠላት ካሜራ

ጥር 9፣ ጠዋት

መናኸሪያ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቁጭ ብያለሁ። ጭጋጉ አልተነሳም፣ ጣቴ ደንዝዟል። አንቺ ደብተር፣ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ በአስተማሪዎቼ እንዳታሳብቢ፤ ከአሥረኛ ክፍል ነው የተገላገሉኝ።

ወደ ዳንግላ ካሜራ ለማየት እየሄድኩ ነው። አሮጌ ካሜራ፣ ግን የምሩን፣ ሌንሱ የሚፈታውን ዓይነት። አዲሱ በእኛ አቅም አይታሰብም። ብሩ የፈረስ ብር ነው። አባዬ ክረምት ላይ ሞተ፤ እማ ፈረሱን፣ ዳማውን፣ ለአያ ፈንቴ ሸጠችው። አያ ፈንቴ ከወንዙ ማዶ ያሉ ጎረቤታችን ናቸው። ብሩን በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝና ሙያ ግዛበት፣ ቀልድ እንደሆነ አያበላህም አለችኝ። ሠርግ አነሳበታለሁ። ከተሞኘሁ ግን ፈረሱም የለ፣ ካሜራውም የለ።

ዳማው ሲወጣ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምንም አልተሰማኝም። ጥጃ ያስወጣሁ ያህል።

ያው ቀን፣ ከሰዓት፣ ዳንግላ

ጋሽ ጀማል ሱቅ። ካሜራው ከስኳሩ ጆንያ በላይ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ሲያምር! ሌንሱ ክንድ ያህላል። አንገቴ ላይ ሳጠልቀው አላፊ አግዳሚው ዞረብኝ። አንዷን ለቴሌቪዥን ነው ብዬ ፀጉሯን አስተካክላ እስክትጨርስ አቆምኳት። ካሜራው ባትሪ አልነበረውም።

ጋሽ ጀማል አልዋሹኝም። የእህታቸው ልጅ ጥሎት የሄደ ዕቃ ነው፤ እሳቸው የሚያውቁት ስኳርና ዘይት ነው። አንተው እየው አሉኝ። አየሁት። ምኑን እንደማይ ግን አላውቅም። ያቆዩልኝ ብዬ ወጣሁ።

ጥር 14

እትዬ ትርንጎ ቤት። ቆሰበር ከተማ ውስጥ የስንቱን ሙሽራ ፎቶ ያነሱ ናቸው። አሁን ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ካሜራቸውን ይሸጣሉ። ስታስጠላ! ጎማዋ ተልጦ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ሌንሷ አጭር።

“እትዬ፣ ይቺ ካሜራ ናት ወይስ በሽተኛ? ጤና ጣቢያ ላድርሳት?”

“አንተ ቀልማዳ! እሷ ሥራ ላይ ናት። ሥራ የፈታኸው አንተ ነህ።”

ጥሩ መለሱ። ከዚያ አስተማሩኝ። በስልክ መብራት ሌንሱን ውስጡን እይ፣ የእኛ አገር ክረምት ሻጋታ ያስገባበታል። ባዶ ሰማይ አንሳና ጥቁር ነጥብ ፈልግ። የሚሮጥ ነገር አንሳ። ቅዳሜ ግምጃ ቤት ከተማ ሠርግ አለ፣ ይዘሃት ሂድና ሞክራት አሉኝ። መያዣ አልጠየቁም። እናትህን አውቃታለሁ አሉ። ከመያዣ የባሰ።

ጥር 16

ዳንግላ እንደገና። የስልኬን መብራት በትልቁ ሌንስ አሳለፍኩ። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር። ጋሽ ጀማልም ጎንበስ ብለው አዩና አስተግፊሩላህ አሉ። ወዲያው ዋጋ ቀነሱልኝ።

አሁን ነው ጣጣው። ሻጋታውን ማን ያያል? አንገት ላይ ሲንጠለጠል ግን አገር ያየዋል። ፕላስተር የለጠፈች ካሜራ ይዤ ማን ሠርግ ይጠራኛል? ግራ ገባኝ ልበል? ግራ እንኳን አልገባኝም። ዝም ነው ውስጤ።

ጥር 18፣ ግምጃ ቤት

ሠርጉ ደመቀ። ፈረሰኞች ሙሽራውን አጅበው መጡ። ከፊት አያ ፈንቴ፣ በዳማው ላይ፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው። የእትዬን ካሜራ ደቀንኩ። ትይዛለች! ሰኮናው ከመሬት ተነስቶ፣ አፈሩ አየር ላይ ቆሞ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ።

ይሄኔ ሰይጣኔ መጣ። አባዬ ዳማውን የሚጠራበት ፉጨት ነበረው፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። አፏጨሁ።

ዳማው ከሰልፉ ወጣ። እልል የሚሉትን ሴቶች ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ። አያ ፈንቴ በአንገቱ ላይ ተንጠለጠሉ፣ ቀጥሎ አቧራው ውስጥ። ሠርገኛው በሳቅ ፈረሰ። ዳማው አፍንጫውን ሌንሱ ላይ አሳረፈ፤ በትንፋሹ መስታወቱ ደበዘዘ።

እንዲህ ያለ ተንኮል ሠርቼ አልሳቅኩም። ጣቴ ብቻ ይጫናል፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

አያ ፈንቴ እያነከሱ መጡ። “ፈረስህን ውሰድ! ብሬን አምጣ! የአንተን ፈረስ እየጋለብኩ የአገር መሳቂያ አልሆንም!”

ጥር 19

እማ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ብሩ ከተመለሰ ካሜራ የለም፤ ዳማው ይመለሳል፣ ድርቆሹን ከየት እናመጣለን? አለች።

ጥር 21

ሽማግሌዎች ቤ/ክ ቅጥር ግቢ ተቀመጡ። ነገሩ ሲከብድ በአውንጊ ይመካከራሉ፣ እኔን ሲሰድቡ በአማርኛ። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ሁለቱንም እሰማለሁ።

ፍርዱ፦ ፈረስ የሸጠ ልጓሙን ያስረክባል፣ መጥሪያውንም ያስረክባል። እናንተ ፈረሱን ሸጣችሁ መጥሪያውን ደበቃችሁ። ስለዚህ ወይ ፉጨቱን ለአያ ፈንቴ አስተምረህ ዳግመኛ ላታፏጨው ትምላለህ፣ ወይ ብሩን ትመልሳለህ።

የፉጨቱ ዋጋ ለብቻው ነው? አልኩ። ማንም አልሳቀም። አንዱ አዛውንት ብቻ፣ “አባትህም እንዳንተ ለፍላፊ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና” አሉ።

ማልኩ።

ጥር 22

አያ ፈንቴ ግቢ። የፊት ጥርስ የላቸውም። ሲያፏጩ እንደ ተነፈሰ ጎማ፣ ፍስስስ። ሌላ ቀን ቢሆን ይሄን ለወር እነግድበት ነበር።

“አባትህ ከንፈሩን እንዴት ነበር የሚያደርገው?” አሉኝ።

አሳየኋቸው። አባዬ ምላሱን ወደ አንድ ጎን ነበር የሚያዞረው። እንደሱ አደረግኩ፣ ድምፅ ሳላወጣ። ከሞተ ወዲህ አውቄ የእሱን ፊት በፊቴ ላይ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸውም ጎን ለጎን፣ በድድ በኩል ሞከሩ። ሞከሩ። በመጨረሻ ወጣላቸው።

ዳማው ከድርቆሹ ቀና አለ። መጀመሪያ እኔን አየ። አፌን ገጠምኩ። አያ ፈንቴ ደገሙት። ወደሳቸው ሄደ።

“ቁርጥ የእሱ ድምፅ” ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ደህና ነኝ። ካሜራዋን ይዤ ነበር፤ አላነሳሁም።

ጥር 23፣ ጠዋት

ወስኛለሁ። ፕላስተር የለጠፈችውን ነው የምገዛ። የሠርጉን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው፤ የዳማው ሽፋሽፍት እንኳን ይቆጠራል። የጋሽ ጀማል ካሜራ ለሌላ ሞኝ ይቆይ። አሁን ቁርስ በልቼ ወደ እትዬ ትርንጎ።

ቆይ። ከማዶ ፉጨት ይሰማል። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እማ ልብስ እያጠበች ነበር፣ ቀና ብላ በሩን አየች። እኔ አይደለሁም አልኳት። አያ ፈንቴ ናቸው እማ። አውቃለሁ አለች። ግን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳችና በሩን ከፈተችው።