የጥጥ ለቀማው ጥያቄ

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 1973 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለተሻለች፤ ሞስኮ

ከናፍቆት ጋር ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

በካህናት ማሠልጠኛው ስለ እምነትና ስለ ሥራ ማስተማር ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ካድሬው ሊጎበኘን መጣ። “ሊሠራ የማይወድ አይብላ” የሚለውን የጳውሎስን ቃል ሳነብ፣ “ይኼማ የእኛም ቃል ነው!” ብሎ አጨበጨበ። ቀጥዬ “ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል” የሚለውን ሳነብ ግን አንድ ዲያቆን እጁን አወጣ።

“አባ፣ በዘመቻ ሄደን ጥጥ የለቀምነውስ?”

“ቃሉ ማንንም አይለይም፣ ልጄ” አልሁት። ተማሪው ሁሉ ሳቀ፤ ካድሬው አልሳቀም።

አሁን ዕረፍት ላይ ነኝ፤ ትምህርቱን ሌላ ሰው ይዞታል። ተማሪዎቼም ሥራ በዝቶባቸው ነው መሰል፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሲያዩኝ መንገድ ይሻገራሉ። የዲያቆኑ እናት ትናንት መጥታ ልጇን አይቼው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከእሷ ሌላ ደጄን የሚረግጥ ጎረቤታችን በድሪያ ብቻ ናት። የእናትሽን ቀሚስና ፎቶግራፎቻችንን እሷ ዘንድ አኑሬያለሁ፤ ቤታችን አይጥ በዝቶበታል።

ለክረምት እመጣለሁ ያልሽውን ግን ተይው። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ እዚያው ሆነሽ ትምህርትሽን ጨርሺ።

እመብርሃን በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ።

አባትሽ ቄስ ሣህሉ