ሙራቲናው ይጠጣ ወይ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1988

ፒተር ምሳ ላይ «አያቴ ሙራቲና ይጠምቃሉ» አለ። ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ አልሰማሁም።

ፒተር ልጄን ሰላማዊትን ሊያገባ የሚፈልግ የኪኩዩ ልጅ ነው። ሥነ ሥርዓት ያለው፣ እንደ እሷው ጴንጤ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ከሊሙሩ ተነሥተው ፓርክላንድስ ወደሚገኘው ቤታችን ይመጣሉ። በወጋቸው የልጁ ወገን ራሱ የጠመቀውን መጠጥ፣ ሙራቲና የሚሉትን፣ ይዞ ነው የሚመጣው። የልጅቷ አባት ካልጠጣ ነገሩ አልተቆረጠም ማለት ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ ሃያ ዓመት የቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። መለካት፣ ማሽተት፣ መቅመስ። አሁን የምውለው መሃል ከተማ፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ምላሴ ግን ሥራ አልፈታም። እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ያገኘኋቸው፦

ምናዚ። ከባሕር ዳርቻ የሚመጣ፣ የኮኮናት ዛፍ ጭማቂ። የሱቃችን ሾፌር የሞምባሳ ሰው ነው፤ «ጠዋት ወተት፣ ቀትር ላይ ሆምጣጤ፣ ማታ ዱላ» ይለዋል። እኔ የጠዋቱን ቀምሻለሁ። መልካም ነው።

ቡሳ። የዚህ አገር ምዕራብ ሰዎች ጠላ፤ ከዳጉሳና ከበቆሎ። ለብ እንዳለ አንድ ማሰሮ ከበው በረጅም ቀሰም ይመጥጡታል። ወፍራም ነው፣ ምሳ ይተካል። በጣም ወደድኩት።

የኡጋንዳ የሙዝ ጠላ። አንድ ጊዜ ብቻ። የሙዝ ሽታ ስጠብቅ የጭስ ሽታ አገኘሁ። እንደገና መቅመስ አለብኝ።

ከእያንዳንዱ ግማሽ ብርጭቆ። ከዚያ አላለፍኩም። ይህን ለራሴ ነው የምጽፈው።

ሙራቲናን ግን ስሙን እንጂ መልኩን አላውቅም። ፒተርን ነገ ውሰደኝ አልኩት። ባለቤቴ ጥሩነሽ ደነገጠች። «የልጅቷ አባት ቀድሞ ደጅ ይጠናል እንዴ? ምን ይሉናል?»

«የምሄደው ለጠላ ነው እንጂ ለጋብቻ አይደለም» አልኳት።

ሳቀች። ሰላማዊት አልሳቀችም።

እሑድ፣ ጥቅምት 4

ሊሙሩ ይበርዳል። ጉም የሻይ እርሻውን ሁሉ ሸፍኖታል። ማታቱ ከሚሉት ሚኒባስ ወርደን ግማሽ ሰዓት ያህል በቀይ ጭቃ ሄድን፤ ጫማዬ አለቀለት።

አያትዬው ሰማንያ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ በኮት ላይ ኮት የደረቡ ሰው ናቸው። ፒተር ጉካ ይላቸዋል፤ በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። እጄን ይዘው ረጅም ነገር ተናገሩ። ፒተር እየሳቀ አስተረጎመልኝ፦ «የልጅቷ አባት እየመጣ ነው ሲሉኝ፣ በቃ ልጅቷ ጠፍታለች ብዬ ነበር።»

መጠጡን ለማየት እንደመጣሁ ሲነግራቸው ዓይናቸው በራ። እጄን ሳይለቁ ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። ለቅዳሜው ቺፍ ከሚሉት ከአካባቢው ሹም የጠመቃ ፈቃድ አውጥተዋል፤ ወረቀቱን ሳልጠይቃቸው አሳዩኝ።

አሁን ያየሁትን ልጻፍ። ሙራቲና የመጠጡ ስም ብቻ አይደለም፣ የፍሬው ስምም ነው። በቆላ ከሚበቅል ዛፍ ላይ እንደ ክንድ ረዝሞ የሚንጠለጠል፣ የማይበላ ፍሬ። ይሰነጥቁትና ያደርቁታል። ሲደርቅ ውስጡ እንደ ገላ ማሻ ጭረት ጭረት ይሆናል። ማርና የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ በቅል ውስጥ አድርገው፣ ፍሬውን ይነክሩበትና ምድጃ አጠገብ ያስቀምጡታል። እርሾ የሚባል ነገር አይጨመርም! እርሾው ፍሬው ውስጥ ነው የሚኖረው። ጠመቃው ሲያልቅ ፍሬውን አውጥተው ያደርቁትና ይሰቅሉታል። ለሚቀጥለው ጊዜ ያው ይመለሳል።

እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ያንን እርሾ ለማቆየት ስንት ማቀዝቀዣ፣ ስንት ጠርሙስ፣ ስንት ጭቅጭቅ!

«ይኼኛው ስንት ጊዜ ጠምቋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አባቴን ስታገኘው ጠይቀው» አሉ።

የቅዳሜው ገና ስላልተጠመቀ አልቀመስኩም። ስወጣ ግን ሌላ ጉድ። አጥሩ ላይ ያለ ቁጥቋጦ ዓይኔን ያዘው፤ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ ጫፉ ላይ ቀይና ጥቁር ፍሬ የያዘ። ቆርጬ አኘክሁት። መረረኝ። እንደገና አኘክሁት።

ጌሾ! ራሱ ጌሾ! ሰውየው ሙካራኪንጋ ይሉታል። ሥሩን ከሥጋ መረቅ ጋር ቀቅለው ለቁርጥማት ይጠጡታል እንጂ ለመጠጥ አያውቁትም። ለምን እንደምጮህ አልገባቸውም። አንድ ጆንያ ቆርጠው ሰጡኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ጥሩነሽ አላመነችኝም ነበር። ሩንዳ ሰፈር አንድ የውጭ ሰዎች ቤት ምግብ ታበስላለች፤ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቅጠሉን አኘከች። ተፋችው። ሌላ አኘከች።

«የኛው ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ትንሽ ሰነፍ ነው፣ መጠኑን ከፍ ማድረግ ነው።»

ብቅሏ ከደረቀ ወር ሆኖታል። ከሞያሌ በአውቶቡስ የሚመጣው ጌሾ በዝናቡ ምክንያት ቀርቶባት «ሽማግሌ በሶዳ ልቀበል ነው?» እያለች ስትብሰለሰል ነበር የከረመችው። ጌሾውን ቆርቆሮው ላይ አሰጣነው። እንደ ልጅ ደስ ብሎናል።

ሰላማዊት ከሥራ ገባች። ነርስ ናት፤ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ቆርቆሮውን አየች፣ እኛን አየች።

«ጠላ? ፎር ሳተርዴይ?»

«ለእንግዶቹ» አልኳት።

«አባዬ፣ ፕሊስ። በኔ ቀን አልኮል አይሁን።»

ሃይማኖቷ ነው ብዬ ብዙ ተናገርኩ። ጠላ ምግብ ነው፣ ገብስ ነው፣ ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ጠጅ አለ። ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ «ሳዋ» ብላ ክፍሏ ገባች። ሳዋ እሺ ማለት ነው። አነጋገሯ ግን እሺ አይልም ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ጌሾው ደረቀ። ጥሩነሽ ጠነሰሰች። ሽታው ትክክል ነው።

ፒተር ሱቅ መጣ። ሰላማዊት ነግራዋለች። አሁን ብዙ የከተማ ሰው በሙራቲና ፋንታ በሶዳ እንደሚጨርስ ነገረኝ። «አያትህስ?» አልኩት። የበኩር የልጅ ልጃቸው ነው። «ለኔ ብለው ማር ሲያጠራቅሙ ከርመዋል» አለኝ።

ከዚያ የማላውቀውን ነገረኝ። ሙራቲናው ሲቀርብ የልጅቷ አባት ሴት ልጁን በሰው ሁሉ ፊት ይጠይቃታል፦ ይህን እንጠጣው ወይ? አዎ ካለች ጋብቻውን ፈቅዳለች። አይጠጣ ካለች እንግዶቹ ቅላቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

እና ጠያቂው እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ይህን መጻፍ ከብዶኛል።

ጠዋት ሰላማዊትን ወደ ማታቱ ሸኘኋት። ጃካራንዳው አብቦ መንገዱ ሁሉ ሐምራዊ ነው። የፒተር አያት ምን ያህል እንደደከሙ ነገርኳት። ስለ ፍሬው፣ ስለ እርሾው። ቆመች።

«አባዬ፣ ስለ ቸርች ይመስልሃል?»

«ታዲያ ስለ ምንድን ነው?»

«ኢስሊ ስንኖር ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃው ላይ ተኝተህ አገኝህ ነበር። ጓደኞቼን አባቴ ማሌሪያ አለበት እላቸው ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ማሌሪያ። አንዷ አዝናልኝ ኪኒን አመጣችልኝ።»

ማታቱ መጣ። ገባች።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነበሩ፤ ሥራ የለ፣ ወረቀት የለ፣ አገር የለ። አተኛኘቴን አላስታውስም። እሷ እንደምታስታውስ አላውቅም ነበር። ከተውኩ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ለማንም ሳልናገር ነው የተውኩት፤ ስለዚህ ማንም አላመሰገነኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም። አሁን ግማሽ ብርጭቆ እቀምሳለሁ፣ እጽፋለሁ። እሷ ግን ብርጭቆውን እንጂ ግማሹን አታይም።

ሱቅ ውስጥ ለሦስት ሰው የተሳሳተ ዕቃ ሰጥቼ መለሱልኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 11

ጥሩነሽ ደፈደፈች። ጠላው በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው፤ ጋን ከየት ይምጣ። ለማይጠጡት ብርዝ ይዘጋጃል። የማር ውኃ ነው፣ ሳይፈላ ይቀርባል፤ ማንንም አያሰክርም።

ሰላማዊት የነገረችኝን ለጥሩነሽ ነገርኳት። ማማሰያውን አስቀመጠች።

«ኪኒኑን እኔ ነኝ የጣልኩት» አለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ ጨከንኩና አናገርኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር።

«ሦስት መንገድ አለ» አልኳት። «ሽማግሌውን በሶዳ ይሁን ብዬ እለምናቸዋለሁ። ወይም የመጠጫውን ቀንድ ተቀብዬ ሳልቀምስ ለአጠገቤ ሰው አሳልፋለሁ። ወይም አንድ እጠጣለሁ፣ በቃ። አንቺ ያልሽው ይሆናል። አልቀየምም።»

«ቢያሰኝህስ? ሁለተኛ ቢያሰኝህስ?»

አያሰኘኝም ልል ነበር። ውሸት መሰለኝ። «ሊያሰኘኝ ይችላል» አልኩ። «አሰኝቶኝ የተውኩበት ቀን ብዙ ነው።»

ሸሚዜን አጠፈች፣ ፈታች፣ እንደገና አጠፈች።

«ልጸልይበት» አለች።

ጠላውን ቀመስኩ። ሁለት ማንኪያ። ቀለሙ ጠቆር ያለ፣ መራራነቱ ዘግይቶ የሚመጣ፣ መጨረሻ ላይ የዳቦ ቅርፊት። የሊሙሩ ጌሾ ሰነፍ አይደለም። ለስለስ ያለ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

አልቋል። ዕቃው ታጥቦ ተነሥቷል። ሳልረሳው ልጻፍ።

አሥራ አንድ ሆነው መጡ። ሴቶቹ በር ላይ ዘፈኑ፤ ጎረቤቶቻችን በረንዳ ላይ ወጡ። ጉካ ቅሉን በቆዳ ማንገቻ ራሳቸው አዝለው ነበር፣ ለማንም አልሰጡም። ሽማግሌዎቹ የሽማግሌ ነገራቸውን ጨረሱ። እኔ አንዱንም አልሰማሁም፤ ዓይኔ ቅሉ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀንዱን ሞሉና ለሰላማዊት ሰጧት። ተነሣሁ።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ይህን ይዘው መጥተዋል። እንጠጣው ወይ?»

አላየችኝም። ቀንዱን በሁለት እጇ ይዛ ውስጡን አየች። ቆየች። ፒተር ፊቱ አመድ ሆነ። ጉካ ብቻ አልተንቀሳቀሱም።

ቀንዱን ወደ ከንፈሯ አስጠጋች፤ መቅመሷን አላውቅም፣ ከንፈሯ ግን ረጥቧል። ሁለት እርምጃ መጥታ ሰጠችኝ። በአማርኛ፣ በዝግታ፣ «ጠጣ አባዬ። አንድ» አለችኝ።

ጉካ ምን አለች ብለው ጠየቁ። ፒተር አማርኛ ትንሽ ይሰማል። «አባቴ ይጠጣ አለች» ብሎ አስተረጎመ። «አንድ» ያለችውን ተወው። እልልታው ጣሪያውን ነካ።

ጠጣሁ።

ጣዕሙን ልጽፍ ነበር ሁለት ሳምንት የተዘጋጀሁት። ማሩ ምን ያህል ቀርቷል፣ ኮምጣጣነቱ ምን ይመስላል፣ ፍሬው ይሸታል ወይ? ምንም አላስታውስም። አንዲት ነገር እንኳ። እጇ ከቀንዱ ላይ ሳይነሣ ነው የጠጣሁት፣ እሱን ብቻ ነው የማስታውሰው።

ሁለተኛው ዙር መጣ። አማረኝ፤ አልዋሽም። ለአጠገቤ ሰው አሳለፍኩና ብርዝ ቀዳሁ። ጉካ አዩኝ። አንድ ነገር የሚሉ መስሎኝ ነበር። ብርጭቆዬን ወስደው ብርዙን ቀመሱና «ይሄ ሳይደርስ ነው ያመጣችሁት» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጠላውን ግን መጀመሪያ አሽትተው «እህሉ አርሮባችኋል» አሉ። ጥሩነሽ የተቆላ ስለሆነ ነው ብላ ልታስረዳ ስትነሣ ሦስተኛውን ብርጭቆ ይዘው ነበር። ከአጥራቸው ቅጠል እንደተሠራ ሲነገራቸው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ስንት ዓመት ለቁርጥማት ስቀቅለው!» አሉ።

እሑድ፣ ጥቅምት 18

ጥሩነሽ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ሰላማዊት ዛሬ የከሰዓት ተረኛ ናት፣ ስለዚህ ቤት ነበረች። ሻይ አፍልታ መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ስለ ትናንት ይሆናል ብዬ ተዘጋጀሁ።

«አባዬ፣ ፋብሪካው ውስጥ በትክክል ምን ነበር የምትሠራው?»

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ይህን ጠይቃኝ አታውቅም። ከልቧ ማወቅ ፈልጋ ይሁን፣ ለእኔ ብላ፣ ወይስ ነርስ ስለሆነች ልትመረምረኝ፣ አላወቅሁም። አልጠየቅኳትም።

ከገብሱ ጀመርኩ። እንዴት እንደሚዘፈዘፍ፣ እንዴት እንደሚበቅል፣ መቼ እንደሚቆም። ጥያቄ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ የሙቀቱ መጠን ካለፈ ምን ይሆናል አለች። ወረቀት አመጣች፣ ሣልኩላት።

ሻዩ ቀዘቀዘ። ሰዓቷን አይታ ብድግ አለች፣ ዩኒፎርሟን ለበሰች። በሩ ላይ ሆና፣ «ገና ብቅሉ ላይ ነን እኮ» አለች።