የጨመርኩባት ሰከንዶች

ጥር 4

ሱቅ ቀዝቅዞ ዋለ። አንድ የግድግዳ ሰዓት አጽድቼ፣ ሁለት ባትሪ ቀይሬ ዘጋሁና ልጄ ሩጫ ወደምትለማመድበት ሜዳ ሄድኩ። እዚያ ከሚሠለጥኑት ለትልቁ ውድድር የምትመረጠው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። አሠልጣኙ ደግሞ ልጆቹን አንድ በአንድ እያስሮጠ ሰዓታቸውን እንኳ አይነግራቸውም። "ገና ናቸው፣ ይጫወቱ" ይላል። ይጫወቱ!

ልጄ ስምንት መቶ ሜትሩን በሁለት ደቂቃ ከአርባ አራት ጨረሰች። እየሮጠች መጣች። "ስንት መጣ አባዬ?"

"አርባ ሰባት።"

ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው የምጨምርባት። እውነቱን ከነገርኳት ትዘናጋለች። እኔን "ጎበዝ፣ ጎበዝ" እያሉ አይደል እንዴ ያሰነፉኝ?

ጥር 11

የሰፈራችን ሥጋ ሻጭ ዛሬም አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሴት ልጁ ላይ ሲጮህ ዋለ። "ቶሎ በይ! ምን ያንቀራፍፍሻል!" ልጅቷ የእኔዋ የልብ ጓደኛ ናት። ስትጨርስ ስልኩን ከፍ አድርጎ "አርባ ሦስት!" አለ፣ ሜዳው ሁሉ እንዲሰማለት። አፈርኩለት። እኔስ አልጮህም። ሰዓቴን ይዤ ዝም ነው።

የእኔዋ ሰምታለች። እስከ ቤት ከፊቴ ከፊቴ ሄደች።

ጥር 19

ሁለት ከአርባ አንድ! አቅፌ ላነሳት ምንም አልቀረኝ... ግን ውድድሩ ቀርቧል። ትንሽ ብትገፋ...

"አርባ ሰባት" አልኳት።

"ያው ናት?"

"ያው ናት።"

"ከዚህ በላይ እኮ አልችልም አባዬ።"

"ትችያለሽ" አልኳት። ስድስት ጨመርኩ። በዛ እንዴ?

የካቲት 2

ራት አልበላም አለች። እናቷ ወደ ጓዳ ጠርታኝ "ልጅቷን ምን አደረግካት?" አለች። "እግሯን እያየች ታለቅሳለች።"

ምን አደረግኳት?

የካቲት 8

አሠልጣኙ ሱቅ ድረስ መጣ። ሰዓት ሊያሠራ መስሎኝ ወንበር ሳብኩለት።

"ልጅህን ለውድድሩ መርጫት ነበር፣ ቦታዬን ለጓደኛዬ ስጥልኝ አለችኝ። 'ወር ሙሉ አንድ ሰከንድ አልቀነስኩም፣ የማይገባኝን አልይዝም' ብላ ድርቅ አለች። የጓደኛዋን ስም ጻፍኩ። እኔ የያዝኩት ሰዓት ግን አንደኛ ናት ይላል። ይሄን ከየት አመጣችው?"

"እንጃ" አልኩት። እንጃ!

የካቲት 9

ነገርኳት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሦስቱንም፣ ስድስቱንም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ምነው በጮኸችብኝ።

"አሠልጣኙን እለምነዋለሁ" አልኳት።

"ተወው። ጓደኛዬ በደስታ ስታለቅስ ነው የዋለችው። ልታስወጣት ነው?"

ብርድ ልብሷን ስትቆነጥር ቆየችና "አያቴ ስታርፍ ስሜን ጠርታለች ያልከኝስ?" አለች።

"እሱ እውነት ነው! በእናቴ..."

እውነት ነው እኮ። እናቴ ሁለት ጊዜ ነው የጠራቻት። እጇን ይዤ ነበር። ልጄ ግን ፊቴን እያየች ቆየች፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። አላመነችኝም። ከሁሉ ይሄ አንጀቴን በላው።

የካቲት 23

ውድድሩ ዛሬ ነበር። ጓደኛዋ አራተኛ ወጣች። ሥጋ ሻጩ ኮፍያውን መሬት ላይ ወረወረ። የእኔዋ እጇ እስኪቀላ አጨበጨበችላት። ከኋላ ቆሜ አየኋት። እንዲህ ያለች ልጅ ነበረችኝ... ምን ፍለጋ ነው የሄድኩት?

መጋቢት 3

ዛሬ ጠዋት ለትምህርት ቤት እየተሰናዳች "ስንት ሰዓት ሆነ?" አለች። እናቷ ቀድማ ወጥታለች። ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

"አንድ ከሃያ" አልኳት።

"እሺ አባዬ።" በትህትና ነው ያለችው። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

መስኮቱ ክፍት ነበር። ደረጃው ላይ ጎረቤታችንን፣ ጡረተኛዋን አስተማሪ፣ አስቆመቻቸው።

"እትዬ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?"

"አንድ ከሃያ፣ የኔ ልጅ" አሏት።