አርባ ሁለት ዲግሪ ላይ የሚፈታ መድኃኒት

መጋቢት 9
ሸሕዲ፣ ቆላ። ሙቀት 41። የጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል ውስጥ እኔና ቬንትሌተሩ... እሱ ቢያንስ ይዞራል።
ታናሽ እህቴ ህሊና ከጎንደር ደወለች። ላቦራቶሪ ውስጥ ሦስት ዓመት የለፋችበት አለቀ። የዲኤንኤ ክር ላይ ጥቂት የብር ማዕድን አቶሞች ይሰካሉ፤ መድኃኒት አቅፈው፣ ሐምራዊ መብራት ሲያርፍባቸው ቀይ ያበራሉ። ከተቀባ በኋላ፣ ፊት የሚበላውን የቁንጭር ቁስል ብቻ ሐኪሙ ያሞቃል። 42 ላይ ክሩ ይፈታል፣ መድኃኒቱ ይወጣል፣ ብርሃኑ ይጠፋል። ረቂቅ ነገር።
"ቆላ ላይ ሳይበላሽ ካልቆየ ግንቦት ላይ አልመረቅም፣ እታለም። ናሙና እልክልሻለሁ፤ በክፍል ሙቀት አስቀምጪው።"
በማን ክፍል?

መጋቢት 14
ደረሰ። የሚኒባሱ ሾፌር ሷሊህ ደረቱን ነፍቶ፣ "አደራ አይደል? ጣሪያው ፖርቶመጋላ ላይ አልጣልኩትም። ከጎኔ፣ ሞተሩ ላይ እንደ ሕፃን አስተኝቼ ነው ያመጣሁት!"
እንቁላል ቢሆን ተቀቅሎ ይደርስልኝ ነበር።
ከባለሱቋ ከረፊቃ የሐሰተኛ ገንዘብ መለያ መብራቷን ተዋስኩ። አበራንበት... ድርግም ያለ ጨለማ።
"ፎርጅድ ነው የላኩብሽ" አለች።

መጋቢት 21
ጎንደር ሄጄ ሌላ ናሙና ራሴ በበረዶ አመጣሁ። ጠዋት ቀይ፣ ቆንጆ ቀይ። ረፊቃ እንኳ "ማሻአላህ" አለች። መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። ስምንት ሰዓት ላይ ክፍሉ 43 ገባ። ጠፋ። በሽተኛም ሐኪምም ሳይጠብቅ ሥራውን ጨረሰ። ትጉህ መድኃኒት።

መጋቢት 22
ህሊና፦ "ይኼንንም ሞተሩ ነው ያጠፋው በይልኝ። ማን ያውቃል?"
"እኔ።"
"እሺ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነበር፣ አልጠፋም በያ!"
"ፍሪጁ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።"
ዘጋችው። ያሳደግኳት ልጅ ናት... አንድ መስመር ብዋሽላት ምን ይጎድልብኛል? ምንም። የሚጎድልበት አፍንጫው ላይ ቁንጭር የወጣበት ሰው ነው።
የሙከራው ቅጽ ላይ፦ መደርደሪያ፣ 43፣ ጠፋ። ፈረምኩ።

መጋቢት 30
አልደወለችም።

ሚያዝያ 6
አልደወለችም። ስልኬ ይሠራል። በረፊቃ ስልክ ደውዬ አረጋግጫለሁ።

ሚያዝያ 19
ህሊና ሳትነግረኝ መጣች፤ ረፊቃም እኔ ዘንድ ነበረች። ሰላም የለም። እኔ አጠገቧ ቆሜ እያለሁ ሁሉን ለረፊቃ ነገረቻት፦ ምርቃቱ በዓመት ተራዝሟል፤ ክሩን ቀይራ ሃምሳ ላይ እንዲፈታ ታደርጋለች፤ እዚሁ ትሞክረዋለች።
"እህትሽ እኮ እዚህ ናት" አለቻት ረፊቃ።
"አይቻታለሁ።"
ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ቴርሞሜትር ይዛ መደርደሪያው ሥር ተቀመጠች። ቀሚሷ በላብ ተጣብቋል። ስምንት ሰዓት ላይ ሳትዞር፣
"አርባ አራት ሆኗል፣ እታለም። ጻፊው።"
ጻፍኩ።