ከተቀበሩ በኋላም መልስ መስጠት ስላላቋረጡት መምህር ኤሊኬም አጆርሎሎ

የአግቤኮፔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥራ አመራር ኮሚቴ፣ መምህራን፣ ሠራተኞችና ተማሪዎች የፊዚክስ መምህራችንና የድረ ገጻችን መሥራች የነበሩት መምህር ኤሊኬም አጆርሎሎ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ስንገልጽ ጥልቅ ሐዘን ይሰማናል። ግራ መጋባታችንም ከሐዘናችን አያንስም። መምህሩ ከተቀበሩ ወዲህ በድረ ገጹ ላይ ለተማሪዎች መልስ መስጠታቸውን አላቋረጡምና።

መምህር ኤሊኬም በኬታ ሐይቅ ዳር ከሽንኩርት አምራች ቤተሰብ ተወልደው አድገዋል። በልጅነታቸው እጅግ ጠያቂ እንደነበሩ የሚያውቋቸው ይመሰክራሉ፤ ከመካከላቸውም አንዳንዶቹ ዛሬም እንደተማረሩ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ለትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች ተሰጡ። አብሮ ይመጣል የተባለው ኢንተርኔት ግን እስከ አሁን በመንገድ ላይ ነው። መምህሩ ሳይጠብቁ አንዱን አሮጌ ኮምፒውተር የድረ ገጽ ማደሪያ አድርገው ትምህርቶችን፣ የሙከራ ሥዕሎችንና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ጫኑበት፤ በግቢው ዋይፋይም ለሁሉም ክፍት አደረጉት። ባልደረቦቻቸው «መንገድ በሌለበት መኪና ገዛ» ብለው አሾፉባቸው። ከአሿፊዎቹ መካከል የዚህ ኮሚቴ አባላት ይገኙበታል።

በ2018 የዋይፋዩን አንቴና ጣሪያ ላይ ተከሉ፤ ፊቱንም ከክፍሎቹ አዙረው ወደ ጎዳናው አደረጉት። ኮሚቴው ጉዳዩን የቴክኒክ ስህተት ብሎ በየዓመቱ እንዲታረም ወስኗል። ተማሪ ስልክ ይዞ ግቢ መግባት ክልክል መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ውጭ በኒሙ ዛፍ ሥር ቆመው ያጠኑ ጀመር። የሥነ ሥርዓት ኃላፊው አቶ ጎድሰን ሊይዟቸው ቢወጡ መምህር ኤሊኬም፣ «ጎድሰን ወንድሜ፣ ከአጥር ውጭ የቆመ እኮ መንገደኛ ነው። መንገደኛ ልትቀጣ ነው?» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ዓሣ ሻጮችና የታክሲ ሾፌሮችም መንገደኛ ሆነው ተምረዋል። ስህተቱ የማን እንደነበረ የገባን ዘግይቶ ነው።

በ2019 በድረ ገጹ ላይ የጥያቄ ሰሌዳ ከፈቱ። ማንም ይጠይቃል፤ እሳቸውም «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለው ይመልሳሉ። ሴናም የተባለች ተማሪያችን «ሰር፣ ሐይቁ ጨው ሆኖ ሳለ የሽንኩርት ማሳችን ጉድጓድ ውሃ ለምን ጨው ጨው አይልም?» ብላ ጻፈች። «አንቺስ ምን ትያለሽ? አጥልቆ የቆፈረ ሰው ምን አገኘ?» አሏት። አባቷን ብትጠይቅ አንድ ዓመት ከልክ በላይ ቆፍረው ጨዋማ ውሃ አውጥተው ማሳቸውን እንዳበላሹ ነገሯት። ንጹሑ ውሃ በጨዋማው ላይ እንደሚንሳፈፍ በዚህ መንገድ ራሷ ደረሰችበት። አባቷ ግን ምስጢሩ በመውጣቱ መምህሩን ለጊዜው አኩርፈዋቸው ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው ሰኞ አንድ ተማሪ ስለ ብርሃን መታጠፍ ጠየቀ። በሟች ስም «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚል መልስ ወጣ። አቶ ጎድሰን የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀሉ። መልሰው ሲሰኩት መልሱ ቀጠለ። ለማጽናናት በሄድንበት የቤተሰቡን አዛውንት ቶግቢ አጆርሎሎን ስናማክራቸው እንዲህ አሉን፦ «ምን ያስበረግጋችኋል? የሐዘን ማጠናቀቂያው ሥርዓት ገና አልተደረገለትም፤ መች ሄደና! ይልቅ የመጋዘኔን ቁልፍ የት እንዳደረገው ጠይቁልኝ።» ጠየቅንላቸው። «እርስዎስ ምን ይላሉ፣ ቶግቢ? ያልፈለጉበት ቦታ የት ነው?» የሚል መልስ መጣ። ቁልፉ ቶግቢ ለቀብሩ በለበሱት ጥቁር ልብስ ኪስ ውስጥ ተገኝቷል። አዛውንቱ ግን ሟቹ እዚያ ደብቆት ነው በማለት አቋማቸውን አልለወጡም።

ወሬው የወረዳው ትምህርት ቢሮ ደረሰ። ቢሮው የሞተ ሰው ማስተማር ስለማይፈቀድለት የመምህሩ አካውንት እስከ አርብ እንዲዘጋ አዘዘ። ከተዘጋ ደግሞ ትምህርቱም ሰሌዳውም በእሳቸው ስም ስለተከፈተ አብሮ ይጠፋል፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቻችን ብሔራዊ ፈተና ደግሞ ደርሷል። ዳይሬክተራችን ወይዘሮ አኮርፋ ትምህርት ቤቱን በሙሉ ሰልፍ ላይ ሰብስበው ትምህርቱን ለማትረፍ የአካውንቱን የይለፍ ቃል የሚያውቅ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። አንድ እጅ አልወጣም።

ሴናም ከሰልፉ መሐል፣ «ማዳም፣ ጥያቄው ልክ አይደለም» አለች።

«ታዲያ ልኩን ንገሪና!»

«ሰር ‹ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ፣ ለማንም እንዳትናገር› ያሉት እጁን ያውጣ ይበሉ።»

ዳይሬክተሯ እንደተባሉት አሉ። የተማሪው ሁሉ እጅ ወጣ። የጥበቃው እጅ ወጣ። ወጥ ቤት በር ላይ የቆሙት ምግብ አብሳይ የአክፕሌ ገንፎ ማማሰያቸውን እንደያዙ አወጡ። በመጨረሻ አቶ ጎድሰን እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ድረስ አነሱና «ለክትትል ነው» አሉ።

ኮሚቴው ባደረገው ማጣራት እያንዳንዱ ሰው ምስጢሩ የእሱ ብቻ መስሎት፣ ሌሎቹ ሐዘኑ እንዳይጠናባቸው ብሎ ለብቻው በመምህሩ ስም ሲመልስ እንደነበረ ታውቋል። እጃቸውን ያላወጡት ዳይሬክተሯ ብቻ ነበሩ። ለምን ለእሳቸው እንዳልተነገራቸው በቁጣ ሲጠይቁ ሴናም፣ «ማዳም፣ ሰር የሚነግሩት ለጠየቃቸው ነው። እርስዎ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀው አያውቁማ!» ብላ መለሰች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አኮርፋ ከአጥሩ ወጥተው ከዓሣ ሻጮቹ ጎን በኒሙ ሥር ቆሙ፤ በሰሌዳውም ላይ የመጀመሪያ ጥያቄያቸውን ጻፉ፦ «ቢሮው ዝጉት ብሎናል። እንዝጋው?»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» የሚል መልስ ወዲያው መጣ። የመለሰውን ሰው አላጣራንም። አቶ ጎድሰን ግን በዚያች ቅጽበት ስልካቸውን ኪሳቸው ሲከቱ ታይተዋል። ዳይሬክተሯ በዛፉ ሥር እንደቆሙ «አይዘጋም» ብለው ጻፉ።

በመሆኑም ኮሚቴው ሰሌዳው ክፍት እንዲቆይና አንቴናው እንደዞረ እንዲቀር ወስኗል። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አጆርሎሎ፣ ለልጆቻቸው፣ ለቶግቢና ለመላው ቤተሰብ፣ እንዲሁም በየአጥሩ ጥግ ለቆሙ መንገደኞች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ጠያቂያችን ሆይ፣ በሄዱበት የሚመልስልዎ አይጡ።

ይህን መግለጫ በማዘጋጀት ላይ ሳለን አርብ ደርሶ ቢሮው «ታዲያ በድረ ገጻችሁ ላይ የሚያስተምረው ማን ነው?» ሲል በጽሑፍ ጠይቆናል። ኮሚቴው ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ የሚከተለውን መልስ ልኳል፦

«እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

የአግቤኮፔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥራ አመራር ኮሚቴ