«ባዶ» ከተባለው ቤቴ ውስጥ ሆኜ

ለተከበሩ የጋራ መኖሪያ መንደራችን የነዋሪዎች ማህበር ሊቀመንበር እና የወርሃዊው ዜና ወረቀት አዘጋጅ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ ደረጃውን ቻለው? ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎ፣ ማህተምዎ፣ በየወሩ በየመግቢያችን የሚያስለጥፏት ባለ ሁለት ገጽ ዜና ወረቀትዎ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና መሆኔን ግን በማስረጃ ማረጋገጥ አልችልም፤ ምክንያቱም በዚህ ወር ወረቀትዎ ላይ «የሚከራዩ» በሚለው አምድ ሁለተኛ መስመር የምኖርበት ምድር ቤት «ባዶ፣ ብርሃን የሚገባው፣ ዛሬውኑ የሚገባበት» ተብሎ ወጥቷል። ይህንን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በዚያው ባዶ ቤት ውስጥ፣ ስፌት መኪናዬ ፊት ቁጭ ብዬ ነው።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ እኔ መጋረጃ ሰፊዋ ነኝ። እዚህ ቤት ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ በዚህ ግቢ ከተሰቀለው መጋረጃ ከግማሽ የሚበልጠው በእጄ ያለፈ ነው፣ የእርስዎ ሳሎን ሳይቀር። ቢሮዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅም ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፦ ማህበራችን ባዶ ቤት የሚለይበት ዘዴ እጅግ ያስደንቃል። የሚለቅ ሰው መጋረጃውን አውርዶ ስለሚሄድ፣ ጸሐፊዎ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ደብተራቸውን ይዘው ግቢውን ይዞሩና መስኮቱ የተራቆተውን ቤት ሁሉ «ባዶ» ብለው ይመዘግባሉ። በር ማንኳኳት የሚባል አድካሚ ሥራ የለም። በዚያች ሰኞ እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር። እጄን አውለብልቤ ሰላም አልኳቸው፤ እሳቸውም ጨዋ ናቸውና እጃቸውን አውለብልበው መለሱልኝ፤ ከዚያ አቀርቅረው «ባዶ» ብለው ጻፉ። ጉድ እኮ ነው! እንዲህ ለሥራው የተሰጠ ሰው ማግኘትዎን ሳይ ለመንደራችን ደስ አለኝ።

ሁለተኛ፦ መጋረጃው ለምን እንደወረደ የጠየቀኝ ስለሌለ ሳልጠየቅ እነግርዎታለሁ። ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ዓይኑ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ወዲህ የቀረለት ብርሃንና ጥላ መለየት ብቻ ነው። ከሆስፒታል የተመለሰ ዕለት መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋበትና እጁን ዘርግቶ ወለሉ መሃል ቀረ። ያኔውኑ ወንበር ላይ ወጥቼ በገዛ እጄ የሰፋሁትን መጋረጃ ሁሉ ዘርግፌ አወረድኩት። አሁን ብርሃኑን ይዞ ከአልጋው እስከ መስኮቱ አሥራ አንድ፣ ከመስኮቱ እስከ ወጥ ቤቱ በር ሰባት እርምጃ ቆጥሮ ማንም ሳይመራው ይሄዳል። እዚህ ቤት ውስጥ ባለቤቴ ያያል ማለት ይቻላል፤ ሌላ ቤት በገባን ዕለት ግን ዓይነ ስውር ይሆናል። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ ሌላ ጉዳይ የለኝም።

ሦስተኛ፦ ስለ እንግዶቹ አመሰግናለሁ። ወረቀትዎ በወጣ በሳምንቱ ደላላው፣ ማለትም የባለቤትዎ ወንድም፣ ስድስት ጊዜ ቤት ፈላጊ ይዘው መጡ። አንዱ ከነሜትሩ ገብቶ የአልጋዬን ግድግዳ ለካ። ባለቤቴ የሰው ድምፅ ሲሰማ ጠያቂ የመጣለት መስሎት ተነሥቶ ወንበር ጋበዛቸው። አንዲት ወይዘሮ ደግሞ እዚያው ፊቱ ቆመው ሰውየው ከቤቱ ጋር ነው ወይ ብለው ደላላውን ጠየቁ። ያ ሁሉ ዓመት ስንቱን አፈ ጮሌ ተሳፋሪ ያስተናገደ ባለቤቴም ከቤቱ ጋር መሆኑን፣ ግን ከዕቃው ተለይቶ እንደማይከራይ አስረዳቸው።

«የማህበረሰብ ዜና» በሚለው አምድዎ ደግሞ «ለረጅም ዘመን አብረውን የኖሩት መጋረጃ ሰፊ መንደሩን በመልቀቃቸው የተሰማንን ቅሬታ እንገልጻለን» ብለው ስለጻፉልኝ ቃል ያጥረኛል። ሰው በቁሙ እንዲህ ሲወደስ መስማት ለስንቱ ይደርሰዋል? ብቻ አንዳንድ ጎረቤቶቼ ሳልሰናበታቸው የሄድኩ መስሏቸው ሱቅ ደጃፍ ሲያዩኝ ፊት ነሱኝ።

አራተኛ፦ እርማት እንዲወጣልኝ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ቅሬታ ማቅረብ የሚችለው ነዋሪ ብቻ መሆኑን፣ እኔ ደግሞ በመዝገቡ መሠረት ነዋሪ አለመሆኔን በትሕትና ገለጹልኝ። ያኔ ወንበር ላይ እንድቀመጥ መጋበዝዎን አልረሳሁም፤ ለሌለ ሰው ወንበር መስጠት ትልቅ ደግነት ነው። ቀጥለውም ነገሩ ቀላል መሆኑን፣ መጋረጃዬን መልሼ ብሰቅል ጸሐፊዎ በሚቀጥለው ዙር አይተው እንደሚያስተካክሉት መከሩኝ።

ቀላል ነው እንዴ! በዚያው ቀን አከራዬ ደወሉልኝ። እሳቸው ሌላ ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው፤ ስለዚህ ግቢ የሚያውቁት እርስዎ የሚልኩላቸውን ወረቀት ብቻ ነው። ይህን ያህል ዓመት ኖሬ ደህና ይሁኑ እንኳ ሳልላቸው በመውጣቴ አዝነውብኛል። አልወጣሁም ብላቸው፣ ማህተም ያረፈበት ወረቀት እንዴት ይዋሻል አሉኝ። ደላላውን ወክለዋል፤ አዲሱ ተከራይ የሚገባው የሚቀጥለው ወረቀትዎ በወጣ በሳምንቱ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ እርማት ካላዩ ቃላቸውን እንደማያጥፉ ቁርጡን ነግረውኛል።

እንግዲህ የእኔንም ቁርጥ ይስሙ። መጋረጃውን አልሰቅልም። የባለቤቴን ብርሃን ጋርጄ ለጸሐፊዎ ደብተር መኖሬን አላስመሰክርም። ከዚህ ቤትም ንቅንቅ አልልም፤ ወንበር እንኳ ከቦታው አላነሳም፣ ባለቤቴ የሚሄደው ወንበሩን ዳስሶ ነውና። ዕቃ ጫኝ ከላኩ ስፌት መኪናዬን ከነእኔ ያንሱት፤ ከባድ ነን።

ይህንን የነገርኳት ከላይ ያለችውን ነርስ ብቻ ነበር። ወዲያው ወጣች፤ ተመልሳ ስትመጣ የቤቷን መጋረጃ በሙሉ ታቅፋ ነበር፤ ጠርዙን እንድቀይርላት፣ ግን እንዳልቸኩል። ቀጥሎ ፊት የነሱኝ ጎረቤቶቼ መጡ፤ ቀጥሎ ጥበቃው የጎጆውን ጨርቅ ይዞ መጣ። እስከ ትናንት ከሰዓት ድረስ የሃያ አራት ቤት መጋረጃ ቤቴ ገብቶ ተቆልሏል፤ እግር ማሳረፊያ የለኝም፣ የባለቤቴን መንገድ ብቻ ክፍት ትቻለሁ። ነገ ሰኞ ነው፣ የወሩም የመጀመሪያው። ጸሐፊዎ ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ በደንብዎ መሠረት ሕንጻው ከእርስዎ ቤት በቀር በሙሉ ባዶ ሆኖ ያገኙታል። የሚከራዩትን ቤቶች ሁሉ ለመዘርዘር ሁለት ገጽ ስለማይበቃዎት ወረቀት ከወዲሁ እንዲያስጨምሩ በአክብሮት አሳስባለሁ። ነዋሪ የሌለውን መንደር ሊቀመንበር ማን እንደመረጠው የሚጠይቅ ነገረኛ ሰው ቢመጣም መልሱን ያዘጋጁ።

አለበለዚያ ግን አንዲት መስመር ትበቃናለች፦ መጋረጃ ሰፊዋና ባለቤቷ ቤታቸው ናቸው የምትል፣ ከነማህተሟ።

ጤናና ዕድሜ ለእርስዎ፣ ቀለም ለማህተምዎ እየተመኘሁ፣ በሌለሁበት ቤት እየኖርኩ፣ በሌለ እጄ የፈረምኩ፣

የእርስዎው ተሰናባች፣
መጋረጃ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ዛሬ ማለዳ ባለቤትዎ የሳሎንዎንና የመኝታ ቤትዎን መጋረጃ ራሳቸው ተሸክመው አምጥተውልኛል፤ አንድ ስንዝር እንዳሳጥረው፣ እርማቱ ታትሞ እስኪያዩትም ድረስ እንዳልጨርሰው አዘዋል። ስለዚህ አራተኛ ፎቅ ያለው ቤትዎ ከነገ ጀምሮ ባዶ ነው፤ ያቺ ወይዘሮም ሰውየው ከቤቱ ጋር መሆኑን ለመጠየቅ ሊመጡ ይችላሉ። ሲመጡ ወንበር ይስጧቸው፤ የእኔ ባለቤት ሳያይ እንኳ ሰጥቷቸዋል።