አባባን «አንተ» ያለቻቸው ልጅ

ደብረ ብርሃን፣ ሐሙስ ጥር 28

የሚሲዮን ሥልጠናው ነገ ያልቃል። ሰኞ ወደ ቻድ እንበራለን። ጓዛችን ታስሯል፤ እኔም ባለቤቴም ልባችን ቆርጧል። የቀረን የአባቴ ምርቃት ነው። መሄዳችንን አልወደዱትም። ከሚኖሩበት ከጎረቤላ ለቅዳሜው ሽኝት ይምጡ ስንላቸው ሳምንቱን ሙሉ «እስቲ እናያለን» ብቻ ነው መልሳቸው።

ዛሬ አሠልጣኛችን የቻድ ዐረብኛ «አንቱ» የለውም አለን፤ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም «አንተ» ነው። የሰባት ዓመቷ ልጄ መክሊት ደስ ብሏት ስትለማመደው ዋለች። አመሻሽ ላይ አባባ ሲደውሉ ስልኩን ነጥቃኝ ስፒከር ላይ አደረገችው።

«አባባ፣ አንተ ቅዳሜ ትመጣለህ?» በአማርኛ!

ክው አልኩ።

«ማነሽ አንቺ ባለጌ?» አሉ አባባ፣ ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ እየመጣ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ አንተ ያለኝ ሰው የለም። እስቲ ድገሚው።»

ደገመችላቸው።

«በይ እመጣለሁ። በመጀመሪያው መኪና። ለእናትሽ ንገሪያት።»

ሰማሁ፤ አለቀስኩም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን፣ በሹክሹክታ፣ አባቴን «አንተ» ልላቸው ሞከርኩ።

አልወጣልኝም።